የሚከሰስ ሹም

የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው አስቀድሞ በዛሬው ምዕራብ ሐረርጌ የጨርጨር ገዥ ነበሩ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው የተመለሱ፣ በ«ፋቡላ» ቴያትራቸው የሹማምንቱን ነውር ለአውሬዎች አልብሰው የተቹና በዚሁ የተነሣ ቤተ መንግሥቱን ያስቀየሙ ሰው ናቸው። የአሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ አቆራቆር ከስማቸው ጋር ይነሣል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የፈረሙበት ሕገ መንግሥት የጃፓኑን የሜይጂ ሕግ አብነት አድርጎ የተረቀቀው በተክለ ሐዋርያት ብዕር ነው።

ከእሳቸው በኋላ ጨርጨርን የተረከቡት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ቀላል ሰው አልነበሩም። ከመቅደላ ውጊያ በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዞች ተወስደው ሕንድ ያደጉ፣ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ናቸው። በ1920ዎቹ ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች ምሳሌ እንዲሆን ተመርጦ ነበር። ሐሳቡ ሹሙ ከባላገሩ ጓዳ መብላቱን ትቶ በደመወዝ እንዲኖር፣ ግብሩ እንደ ገዥው ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ ልክ እንዲኖረው፣ መንገድና ትምህርት ቤትም እንዲከተሉ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ለንደን ተላኩ። በማግሥቱ ዓመት ጣሊያን ገባ። የምሳሌው አውራጃ ነገር በዚያው ቀረ።

ሁለቱም ለዘመናቸው ደግ ሹሞች ነበሩ። ያጠፋን ሹም ጎትቶ ዳኛ ፊት የሚያቆም ሥርዓት ግን አልተከሉም፤ ሊተክሉም አይችሉም ነበር። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ክብር የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይመረመር መሆኑን በጽሑፍ ያጸና ነው። የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት መኳንንቱና ሹማምንቱ መረጧቸው እንጂ ሕዝቡ አልመረጣቸውም። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለውን ብሂል ወደ ሕግ ቋንቋ መለሰው ማለት ይቻላል። ተክለ ሐዋርያት ራሳቸው ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። በዚያ ቤተ መንግሥት ከዚያ በላይ መጻፍ የሚቻል አልነበረም።

የኢቱ ኦሮሞ ገበሬ የሚተርከው ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። የምኒልክ ጦር ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ከመድረሱ አስቀድሞ የተጋፈጠው የጨርጨርን ኢቱዎች ነበር። ከዚያ ወዲህ መሬቱ ለባለ ጠመንጃ ተከፋፈለ፣ ባለ መሬቱ ገባር ሆነ። ደጉ ሹም መጥቶ ግብሩን በልክ ሲያደርግለት እፎይ ብሎ ይሆናል፤ ግብሩን መክፈሉ ግን አልቀረም፣ በሹመኛው ላይ አቤት የሚልበት ደጅም አላገኘም። ከዚያ በፊት ግን ነበረው። ኦዳ ቡልቱም ያለው እዚሁ ምዕራብ ሐረርጌ ነው። ኢቱዎች ሕግ ያወጡበት፣ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት የዋርካ ጥላ ነው። በገዳ ሥርዓት ያጠፋን አባ ገዳ ዘመኑ ሳይሞላ ከመንበሩ የማንሣት ደንብ አለ። ሥርዓቱ ሴቶችን ከሥልጣን ያራቀ መሆኑን አልዘነጋም፤ እንደ ገነት የሚስሉት ሰዎችም አያሳምኑኝም። ሹም የሚወርድበትን መንገድ ግን ከአዲስ አበባ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ዛሬ የኦዳው ሥዕል በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ላይ አለ፣ የጭሮው ዩኒቨርሲቲም በስሙ ይጠራል፤ ሹምን ያለ ዘመኑ የሚያነሣው ደንብ ግን ከሥዕሉ ጋር አብሮ አልገባም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ዛሬም ከዚያው በሽታ ስላልተላቀቅን ነው። በጭሮም በገለምሶም፣ በበዴሳም በሂርናም ስለ አስተዳደር ወሬ ሲነሣ ጥያቄው አንድ ነው፤ «አዲሱ አስተዳዳሪ እንዴት ነው?» ደግ ከሆነ ተመስገን፣ ክፉ ከሆነ እስኪዛወር መታገሥ። ክፉው ቢያጠፋ የት ይከሰሳል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ሰው እንዲህ የሆነው አስተዋይ ስላልሆነ አይደለም፤ መልሱን ስለሚያውቀው ነው።

በጽሑፍ ከሆነ ምንም አልጎደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን የዘነጋ ሹም ተጠያቂ እንዲሆን፣ ሕዝብም አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ እንዲያነሣ ይደነግጋል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ካልቀረበም አካሉን ነጻ እንዲያወጣለት ለፍርድ ቤት የማመልከት መብት ይሰጠዋል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም አለ፤ አንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ሰው ያሰረን የመንግሥት ሠራተኛ ወንጀለኛ ያደርገዋል። አንባቢ ሆይ፣ በምታውቀው ወረዳ በዚህ አንቀጽ ተከስሶ የተፈረደበት የፖሊስ አዛዥ ወይም የጸጥታ ኃላፊ ታስታውሳለህ?

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) በ2013 ዓ.ም. በኦሮሚያ 21 ፖሊስ ጣቢያዎችን ጎብኝቶ ያወጣው ሪፖርት ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ይናገራል። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ቀኑ ያለፈባቸው፣ ዳኛ በዋስ ከለቀቃቸው በኋላም ከእስር ያልወጡ ሰዎች አግኝቷል። ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይከፋል። በ48ቱ ሰዓት የሚዘገይ ፖሊስ ቢያንስ በመኪና እጥረት፣ በሰው ማነስ ያመካኛል። ዳኛ «ልቀቁ» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ የሰጠውን ትእዛዝ አልቀበልም የሚል ጣቢያ ግን ምክንያት የለውም። ሕግ ከእኔ በታች ነው ማለቱ ነው።

የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) አመራሮችን ጉዳይ እንይ። በ2012 ዓ.ም. ተያዙ። ፍርድ ቤቶች እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ከአንድ እስር ቤት ወደ ሌላው ተዛወሩ እንጂ አልተለቀቁም። ኮሚሽኑ ደጋግሞ መግለጫ አወጣ። የተፈቱት በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ማለት ነው። የኦነግን ፖለቲካ መውደድና መጥላት የየሰው ጉዳይ ነው፤ እኔም የራሴ አስተያየት አለኝ። በአራቱ ዓመት የተናቀው ግን ድርጅቱ ብቻ አልነበረም፤ የኦሮሚያ ዳኛ ሁሉ አብሮ ተናቀ። ጭሮ ላይ የተቀመጠ የወረዳ ዳኛ ይህን እያየ በማግሥቱ የሚጽፈውን የመፍቻ ትእዛዝ ማን ያከብርልኛል ይበል?

ነገሩ የዚህ መንግሥት ብቻ ፈጠራ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ስትለቅ ፖሊስ ከችሎቱ ደጃፍ መልሶ ያዛቸው። ወዲያው ምክር ቤቱ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የማያገኝበትን ሕግ አወጣ። ያን ጊዜ የተማረ ሁሉ ተማረ፤ ዳኛው ትክክል ቢሆን እንኳ ሕጉ በእሱ ላይ ይለወጥበታል። አሳሪና ታሳሪ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ የችሎቱ ደጃፍ ልማድ ግን ሳይለወጥ ዘለቀ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደግሞ ሌላ መጣ። ለመከላከያ ምልመላ በሚል በኦሮሚያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ወጣቶች፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችም ጭምር፣ ያለፈቃዳቸው መያዛቸውን፣ ለማስለቀቅም ገንዘብ የተጠየቀባቸው ቤተሰቦች መኖራቸውን ኢሰመኮ በመግለጫው አረጋገጠ። ልብ በሉ፣ ይህን ያለው በአዋጅ የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም ነው። መከላከያ ወታደር የሚመለምለው በፈቃደኝነት ነው፤ ሕጉም የሠራዊቱ አዛዦችም የሚሉት ይህንኑ ነው። እንግዲያስ ልጅ ከመንገድ አፍሶ ገንዘብ የሚቀበለው ማን ነው? በቀበሌ ሚሊሻና በወረዳ ጸጥታ ጽሕፈት ቤት መካከል ያለ፣ ኮታ የተሰጠው፣ ኮታውን የመሙላቱን እንጂ የአሞላሉን ሂሳብ የማይጠየቅ ሰው ነው። አምባገነንነት ስንል ዓይናችን አራት ኪሎ ላይ ይተከላል። የመቻራ እናት የምታውቀው አምባገነን ግን የሰፈሯ ልጅ ነው፤ ስሙን፣ ቤቱን፣ የሚቅምበትን ቦታ ሳይቀር ታውቃለች። የማታውቀው ነገር በእሱ ላይ አቤት የሚባልበትን ቢሮ ነው።

በኬላው ያለው ነገርም ከዚህ አይለይም። የሐረርጌ ገበሬ ኑሮ በጫትና በቡና ላይ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ መኪና ላይ ወጥተው ኬላ ማለፍ አለባቸው። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ራሱ ሕገ ወጥ ኬላዎች ንግዱን እንደሚያውኩና ዋጋ እንደሚያንሩ ሲናገር ቆይቷል። ሕገ ወጥ መሆናቸውን መንግሥት ካመነ፣ ገመዱን የወጠረውን ሰው መክሰስ ቀላሉ ሥራ መሆን ነበረበት። ገመዱ ይነሣል፣ ባለ ገመዱ ሌላ ቦታ ይመደባል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን በዳሮ ለቡና በሀዊ ጉዲና የሆነው ነው። በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን የተቀሰቀሰው ግጭት በ2010 ዓ.ም. አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አፈናቀለ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት፣ የኦሮሚያ ክልል ኮሙኒኬሽን ኃላፊ የነበሩት አቶ አዲሱ አረጋ በይፋ እንደገለጹት፣ በሁለቱ ወረዳዎች በተፈጸመ ጥቃት 29 ኦሮሞዎች ተገደሉ፤ ይህን ተከትሎ በበቀል 32 ሶማሌዎች ተገደሉ። ሶማሌዎቹ ከቀደመው ግጭት የተረፉና በኦሮሚያ ምድር ተጠልለው የነበሩ ሰዎች ናቸው። በሦስት አራት ቀን 61 ነፍስ። ሁለቱም ወገን የሚያለቅሰው በምዕራብ ሐረርጌ አፈር ላይ ነው፤ ሁለቱም ወገን የየራሱን ሟች ብቻ መቁጠር ለምዷል።

በዚያ ጊዜ የሶማሌ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት አብዲ መሐመድ ዑመር በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተያዙ። የተከሰሱት ጅግጅጋ ውስጥ በዚያው ክረምት በደረሰው ጥፋት ነበር፤ የወሰኑ ግጭት ጉዳይ የክሱ ዋና ነገር አልነበረም። ያም ቢሆን ከአምስት ዓመት በላይ የታየው ክስ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ተቋርጦ ተለቀቁ። የተከሳሹን ጥፋተኝነት ዳኛ ነው የሚወስነው፤ እኔ አልወስንም። ችግሩም ይኸው ነው። ዳኛውም አልወሰነም። ዐቃቤ ሕግ ፋይሉን ከዳኛው ጠረጴዛ ላይ አነሣው። የተጎዳው ሰው «ተፈረደበት» ወይም «ነጻ ወጣ» የሚል ቃል እንኳ ሳይሰማ ነገሩ አለቀ። ክስ የማንሣት ሥልጣን በሕግ ያለ ነው፤ ምክንያቱ ለሟች ቤተሰብ ካልተነገረ ግን ፍትሕ የፖለቲካ ሰዓት ቆጣሪ ሆነ ማለት ነው።

ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ችሎት፣ የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን የሚሉ ነገሮች አሉበት። በወረቀት ደረጃ መልካም ነው። ለእኔ የፖሊሲው ፈተና አንድ ነው፤ የዳሮ ለቡ ሶማሌ እናትና የሀዊ ጉዲና ኦሮሞ እናት በአንድ ችሎት፣ በአንድ ቀን፣ ስለ ሁለቱም ሟቾች ይሰማሉ ወይስ አይሰሙም? ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ስም ቢጠራ ችሎቱ መጥሪያ ይልክበታል ወይስ የተሻረውን ብቻ ይፈልጋል? የተሻረን ሹም መክሰስ በእኛ አገር ድፍረት አይጠይቅም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ሕዝብ የተሻረው ቢታሰር አይገርመውም።

የሚከሰሰው ሹም ለምን ጠፋ? አንዱ ምክንያት የሚጠይቀው ምክር ቤት የራሱ ፓርቲ መሆኑ ነው። በ2013ቱ ምርጫ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ) እና ኦነግ ራሳቸውን አግልለው ነበር። ብልጽግና ከታወጁት 436 የፌዴራል ምክር ቤት መቀመጫዎች 410ሩን ወሰደ፤ በኦሮሚያማ ተፎካካሪው ስም ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ምክር ቤት አስተዳዳሪን ጠርቶ ቢጠይቅ የቤተሰብ ግሣጼ ነው የሚሆነው። ሌላው ምክንያት ሕጋችን የሠራው ነው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎሙን ሥልጣን አንቀጽ 83 ለፍርድ ቤት አልሰጠውም፤ የሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ማለትም ለፖለቲከኞች ነው። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም የወሰነውም እሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ አንድ ዜጋ በመሥሪያ ቤት ውሳኔ ቅር ቢሰኝ ፍርድ ቤት እንዲያስመረምረው መንገድ ከፍቷል፤ ሆኖም የተጻፈው ለፌዴራል ተቋማት ነው። የጭሮ ነጋዴ ጉዳይ የሚያልቀው በፌዴራል ቢሮ አይደለም፤ በከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት፣ በወረዳው ገቢዎች፣ በቀበሌው ማኅተም ነው።

ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቁሟል። ደግፌዋለሁ፤ አሁንም እደግፈዋለሁ። ገበሬ በድንበር ተጣልቶ ለዓመታት ከተማ ከሚመላለስ በቀዬው፣ በቋንቋው፣ በሽማግሌው ቢዳኝ ይሻለዋል። ነገር ግን ይህ ፍርድ ቤት ጎረቤትን ከጎረቤት ነው የሚያስታርቀው። ገበሬውን ከአስተዳዳሪው ጋር እኩል አስቀምጦ ሲዳኝ አላየሁም። የኦዳ ቡልቱም ትልቁ ቅርስ ዕርቁ ብቻ አልነበረም፤ ባለ ሥልጣኑንም ማስነሣቱ ነበር። ክልሉ የወሰደው የሚመቸውን ግማሽ ነው።

የጸጥታ ጉዳይስ? የሚሉኝ አሉ፤ በቅንነት የሚሉም አሉ። ታጣቂ ጫካ ባለበት አገር የ48 ሰዓት ነገር ቅንጦት ነው ይላሉ። በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም የተባለው ይኸው ነበር። ያን ጊዜ መንግሥት ራሱ እንዳመነው ከ20 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ፤ ከሐረርጌ የታፈሰው ወጣት ብዙ ነው። አገር ተረጋጋ? ዓመት ተኩል ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ለአማራ ክልል አዋጅ ሲታወጅ፣ ያለመከሰስ መብት የነበራቸው የምክር ቤት አባላት ሳይቀሩ ከምዕራብ ሐረርጌ ብዙ በማይርቀው አዋሽ አርባ ታሰሩ። የአማራ ክልል ጦርነት ቆመ? ያለ ዳኛ የሚታሰር ሰው ወንድም አለው፣ የአጎት ልጅ አለው። ለጫካው የሚመለምልለት እሱን ያሰረው ነው።

ዓለምም በዚህ ረገድ መልካም ዘመን ላይ አይደለችም። የስዊድኑ ቪ-ዴም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ አምባገነን አገሮች 91፣ ዴሞክራሲያዊዎቹ 88 ናቸው ብሏል። ይህ «ሁሉም እንደኛ ነው» ለሚል ሹም ጥሩ ማመካኛ ነው። ግን ጎረቤታችን ኬንያ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ሥልጣን ላይ ያለን ፕሬዚዳንት ድል ሰርዞ ምርጫው እንዲደገም አዟል። የማላዊ ዳኞች በጥር 2012 ዓ.ም. እንዲሁ አደረጉ፤ በድጋሚው ምርጫ ፕሬዚዳንቱ ተሸነፉ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የሴኔጋል ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ፕሬዚዳንቱ ያራዘሙትን ምርጫ አልፈቅድም ብሎ አስመለሰ። እነዚህ ከእኛ የበለጸጉ አገሮች ስለሆኑ ነው እንዳንል ማላዊ አለች። ልዩነቱ ዳኛው የጻፈው ነገር መፈጸሙ ነው።

የሲቪል ማኅበራቱን ዕጣ ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን (ኢሰመጉን) ጨምሮ አምስት የመብት ድርጅቶች በ2017 ዓ.ም. በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ታግደው ነበር፤ እገዳው በወራት ውስጥ ተነሣ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የተሻሻለው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ፈቃድ የመስጠትና የመንጠቅን ጉልበት ወደ አስፈጻሚው አቀረበው። አዲስ አበባ ላይ ድምፅ ሲቀንስ ጭሮ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። እዚህ የጋዜጣ ቢሮ የለም፣ የሚከራከር ጠበቃ ጥቂት ነው፣ መረጃው ሁሉ ፌስቡክ ላይ ነው፤ በፌስቡክ የሚጽፈውም ለመታሰር ቅርብ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ትንሽና የሚያዝ አደርገዋለሁ። የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች በየወሩ የጭሮን፣ የገለምሶን፣ የሂርናንና የሚኤሶን ጣቢያዎች ሳያስነግሩ ይጎብኙ፤ 48 ሰዓት ያለፈበትን ሰው እዚያው ይልቀቁ። እያንዳንዱ ጣቢያ የያዛቸውን ሰዎች ስምና የተያዙበትን ሰዓት ለቤተሰብ የሚያሳይ መዝገብ ይኑረው። የዞኑ ዐቃቤ ሕግ የመፍቻ ትእዛዝ ረግጦ ሰው ያቆየን አንድ አዛዥ፣ አንድ እንኳ፣ በአንቀጽ 423 ይክሰስ። ጨፌ ኦሮሚያ፣ የክልሉ ምክር ቤት፣ የወረዳና የከተማ ቢሮ ውሳኔ በፍርድ ቤት የሚመረመርበትን ሕግ ያውጣ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራንና ተማሪዎች የሚሰጡት ነጻ የሕግ ድጋፍ ገንዘብ ተጨምሮለት እስከ ትናንሾቹ ወረዳዎች ይዝለቅ። ከነዚህ አንዱም አዲስ ሕገ መንግሥት አይጠይቅም፤ አብዛኞቹ ገንዘብም አይጠይቁም።

በ1999ኙ ቆጠራ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው የተቆጠረበትን ይህን ዞን የምትወክሉ የጨፌና የተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣ በቀጣዩ ስብሰባችሁ የክልሉን ፖሊስ ኮሚሽነር ቆመው እንዲመልሱላችሁ ይህን ጠይቁ፤ በዚህ ዓመት በምዕራብ ሐረርጌ ዳኛ ልቀቁ ካለ በኋላ ሳይለቀቁ የቆዩ ሰዎች ስንት ናቸው፣ ያቆዩአቸውስ እነማን ናቸው? መልሱንም ከነስማቸው በይፋ አትሙልን።